ምርቃትና ምርቃና

ኢዘዲን ዛሬም ተኝቶ ተገኘ። ያውም ቁጭ ብሎ፤ ያውም የመዳብ ሽቦ በጣቱ እንደያዘ፤ ያውም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የተቃጠለ የውሃ ፓምፑን በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ በር ላይ ቆሞ እያየው!

«እንቅልፎ!» ብሎ ጮኸ ሀብታሙ። የወርክሾፑ ባለቤት ነው። መርሳ ከመናኸሪያው ጀርባ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ አዲስ ሽቦ ይጠቀልላል፤ ኢዘዲንም አራት ዓመት አብሮት ሠርቷል። «ስንት ዙር ላይ ደረስክ?»

ኢዘዲን የጠቀለለውን አየ። አርባ ይሁን ስልሳ እሱም አያውቅ፣ ሽቦውም አይናገር። ፈትቶ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

«እንደው በማርያም፣» አለ ሀብታሙ ወደ ገበሬው ዞሮ፣ «ይሄ ልጅ ጫት አይቅም፣ አይጠጣ፣ ሚስት የለችው። እኔ ሦስት ቢራ ጠጥቼ ባድር ከእሱ የተሻለ እነቃለሁ! ምን ሲሠራ እንደሚያድር እሱና ፈጣሪ ይወቁት።»

ገበሬው ሳቀ። ኢዘዲንም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? የሚያድረውማ ተኝቶ ነው። ጣጣው እሱ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው፣ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ፣ እናቱ ቡርቱካን በሻሽ ጠቅልላ የደበቀችው የክኒን ፓኮ አለ። ማታ ማታ አንድ። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት፤ ግን ከዋጣት ግማሽ ሰዓት በኋላ ምላሱ ይወፍራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከዚያ አሥር ሰዓት ሙሉ ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢጎትቱት አይነቃ። ስልኩ ቢጮህ ጎረቤት ይነቃል እንጂ እሱ አይነቃም። የምትቀሰቅሰው እናቱ ናት፤ መጀመሪያ በስሙ፣ ቀጥሎ በትከሻው፣ በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ። ተነሥቶም እስከ ረፋዱ ሦስት ሰዓት ጭንቅላቱ ጉም እንደያዘው ነው። ወርክሾፑ ደግሞ የሚከፈተው በአሥራ ሁለት ነው፤ ገበሬ ፀሐይ ሳትበረታ ፓምፑን ይዞ መድረስ ይወዳል። ማታ በአሥራ አንድ ሲዘጋ፣ እስከ ክኒኗ ድረስ ያለችው ሁለት ሰዓት ናት የጥናት ጊዜው፤ እሷንም እራትና ሰላት ይካፈሏታል። ቀን ሃያ አራት ሰዓት አለው የሚሉ ሰዎች ይቺን ክኒን አልዋጧትም።

ደሴ ያለው ሐኪም የበሽታውን ስም ባይፖላር ብሎ ነግሮታል። «ሁለት ነገር አደራ፣» ብሎታል። «ጫት የሚባል ነገር አትቅመስ። አንዲት ሌሊት እንኳ ሳትተኛ እንዳታድር። ያንተ በሽታ የሚገባው በእንቅልፍ ማጣት ነው።»

ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ደግሞ ወልድያ ላይ የሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ፈተና አለበት። ስንት ዓመት ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ እየተመላለሰ የተማረው ኤሌክትሪክ የሚመዘነው በዚያች አንድ ጠዋት ነው። ሌላው ሰው ሥራ የሚቀይረው ደሞዝ ፈልጎ ነው፤ ኢዘዲን እንቅልፍ ፈልጎ ነው። የብቃት ወረቀቱን ካገኘ፣ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል በሚገባበት መሥሪያ ቤት መወዳደር ይችላል። ካላገኘ፣ ሀብታሙ አንድ ቀን መቀለዱን ይተዋል። ያንን ቀን ነው የሚፈራው። ባለፈው ወር እሱ የጠቀለላቸው ሁለት ሞተሮች ተቃጥለው ተመልሰዋል፤ የሀብታሙም ሳቅ እያጠረ መጥቷል።

ስለዚህ ሲያሰላ ሰነበተ። በሁለት ተኩል ጭንቅላቱ እንዲጠራለት ሌሊት በአሥር ሰዓት መነሣት አለበት። በአሥር እንዲነሣ ማታ በአሥራ ሁለት መዋጥ አለበት። ሐኪሙን ደውሎ ጠይቋል፤ «ሰዓቷን ቀስ በቀስ ማስቀደም ትችላለህ፣ መዝለል ግን የለም» ተብሏል። ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስቀደመ አሥራ ሁለት ላይ አድርሷታል። ከመጽሐፉ የቀረው የሞተር መቆጣጠሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እሱን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያነበዋል። ሀብታሙም ክፉ ሰው አይደለም፣ «ሂድ በቃ፣ ይቅናህ» ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ለቀቀው።

ከወርክሾፑ ወጣ እንዳለ ስልኩ ጠራ። እናቱ ናት።

«ኢዙ፣ በቀጥታ አባ ኑርሁሴን ቤት ና። ዱአ ሊያደርጉልህ ሰው ሰብስበው እየጠበቁህ ነው።»

እግሩ አስፋልቱ ላይ ቀረ። «እማ! ለምን ነገርሻቸው?»

«እኔ መቼ ነገርኳቸው! ፈተናውን የነገራቸው ሚስባህ ነው። ራሳቸው ላኩብኝ። እምቢ በይ ነው የምትለኝ? እሳቸውን? ያዳኑህን ሰው?»

የመጨረሻውን ስትል ድምጿ ዝቅ አለ። ማን እንዳዳነው እሷም ታውቃለች።

የዛሬ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ፈተና ነበር። ያኔ ክኒንም የለ፣ በሽታም የለ። ያኔም የሰፈሩ መራቂ ሽማግሌ አባ ኑርሁሴን መርቀው ከራሳቸው ጫት አንድ ቀንበጥ ሰጡት። የምርቃት ጫት ነው፤ ከሽማግሌ እጅ ሲሰጥ አይመለስም። ቃመና ሌሊቱን ሲያነብ አደረ። በማግስቱ የራሱን ገዝቶ ቃመ። ወይ ንቃት! ሦስት መጽሐፍ በሦስት ሌሊት! ምርቃና የሚሉት ይህ ከሆነ ሰው ለምን ይተኛል? በአራተኛው ቀን ፈተናውን ረስቶት መርሳ አስፋልት መሃል ቆሞ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮችን እያስቆመ፣ ከመርሳ እስከ ሐራ ብቻውን መብራት እንደሚዘረጋ ያስረዳ ነበር። የሀብታሙን ፒንሳና መፍቻ ለመንገደኛ አደለው። አራት ሰው ነው የያዘው።

ወስደው አባ ኑርሁሴን ቤት አስገቡት። ሦስት ሌሊት ሙሉ ለዱአ ወዳጃ ተቀመጡለት፤ እየቃሙ፣ እየለመኑ፣ ድቤ እየመቱ፣ ለእሱም ቀንበጡን በአፉ እያቀበሉ። ሽማግሌው ከልባቸው አለቀሱለት። በአራተኛው ቀን ቡርቱካን «ደሴ እህቴ ዘንድ አየር ይቀይር» ብላ ወሰደችው፤ ወር ቆይቶ ሰው ሆኖ ተመለሰ። «የአባ ኑርሁሴን ዱአ!» አለ አገሩ ሁሉ። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ በደስታ ሲያነቡ ቡርቱካን ምን ትበል? ዝም አለች። ዝምታው አደረ፣ ከረመ፣ ሁለት ዓመት ሞላው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። መድኃኒቱን የደበቀ ምን እንደሚሆን ግን አልነገረንም።

እናቱ ከአባ ኑርሁሴን አጥር ሥር ቆማ ጠበቀችው። በወረቀት የተጠቀለለች ክኒን መዳፉ ውስጥ አስቀመጠች።

«አሥራ ሁለት ሲል ሹልክ በል። ይመርቁህና ትወጣለህ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ቅጠል ቢሰጡኝስ?»

«አይሰጡህም፣» አለች። እንደሚሰጡት ሁለቱም ያውቁታል።

ቤቱ ሞልቷል። ጫቱ መሃል ላይ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። አባ ኑርሁሴን ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ና ልጄ፣ ና አጠገቤ! ኢንጂነራችን መጣ!»

ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። ከወዲያ በኩል ሚስባህ ጠቀሰው። ብርቱካንና ማንጎ ነጋዴ ነው፣ አብሮ አደጉ፤ አፉ አያርፍም። «ዛሬ ማን ይተኛል!» አለ ሚስባህ። «የአባባን ቀንበጥ ይዘህ እስኪነጋ ከመጽሐፉ ጋር ነው! እኔም አብሬህ አነጋለሁ፣ ወላሂ።»

ኢዘዲን ፈገግ አለ።

ዱአው ተጀመረ። መጀመሪያ ለነቢዩ፣ ከዚያ ለአገር፣ ከዚያ ለዝናብ፣ ከዚያ ለታመመ፣ ከዚያ ለመንገደኛ። ለእሱ ገና ነው። ጫቱ ተገለጠ። ጨዋታው ደራ። አንዱ ስለ ውርጌሳ ገበያ አንሥቶ ሊጨርስ አልቻለም። ኢዘዲን ስልኩን በጎን አየ፤ አሥር ከሃምሳ። ያልተነበበችው ምዕራፍ ታወሰችው። አሥራ አንድ ተኩል። ደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ክኒኗ አለች። ሳይመረቅ ቢነሣ ነውር ነው። ቆይቶ ቢውጣት ጉሙ ፈተናው ላይ ይወርዳል። ባይውጣት ደግሞ... ባይውጣት የሚሆነውን አስፋልቱ ያውቀዋል።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባ ኑርሁሴን ከፊታቸው ካለው መርጠው መርጠው፣ ጫፉ ቀይ የሆነ ለጋ ቀንበጥ አነሡ።

«አላህ ያሰብከውን ያሳካልህ! ከእናትህ ዓይን አያጥፋህ! አእምሮህን ይክፈትልህ!»

«አሚን! አሚን!»

«ጀባ!» ብለው ዘረጉለት። ያዝ፣ ላንተ ይሁን ማለት ነው። ተቀባዩ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይስማል፣ ያኝካል። ኢዘዲን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሳመ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

እውነቱን እንናገር፤ አማረው። ሽማግሌውን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ፣ አፉ ምራቅ ሞላ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንደ ሰው ነቅቶ አያውቅም። ያ ቅልል ማለት፣ ያ ሁሉ ነገር ግልጥልጥ ማለት ናፈቀው። አንድ ሌሊት ብቻ፣ አለው ልቡ፤ ምዕራፉን ትጨርሳለህ፣ ተፈትነህ ትመጣለህ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ክኒንህ። ያኔም እኮ እንዲሁ ነበር ያለው። ምርቃትና ምርቃናን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት፤ እሷም ስታልፍ አትታይም።

«ምነው ልጄ?» አሉ አባ ኑርሁሴን።

ቀና ሲል እናቱን ከመጋረጃው ጀርባ አያት። የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። «ኋላ ሳነብ እቅመዋለሁ» የምትል ጥሩ ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ራሱን ያውቀዋል። ቀንበጧ አብራው ቤት ከገባች አፉ ውስጥ ነው የምታድረው።

«አባባ፣ አልችልም።»

ማኘኩ ሁሉ ቆመ። «ኧረ በአላህ ኢዘዲን!» አለ ሚስባህ ደንግጦ። «የአባባን ምርቃት ልትመልስ ነው?»

«ምርቃታቸውን አልመለስኩም። ቅጠሉን ነው።» አንዴ ከጀመረ መቆም አልቻለም። «መድኃኒት አለኝ፣ አባባ። ሁለት ዓመቴ ነው። ደሴ እህቷ ዘንድ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የወሰደችኝ። ማታ ማታ እውጣለሁ፣ ያስተኛኛል። እሱን ትቼ ከቃምኩ፣ ካልተኛሁም፣ ያ ነገር ይመለሳል። ዱአዎ አልደረሰም ማለቴ አይደለም። እንዳያዝኑ ብለን ነው...»

ክኒኗን ከነወረቀቷ አውጥቶ ከቀንበጡ አጠገብ መዳፉ ላይ አሳያቸው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አያት። እንዲያ ተደብቃ ኖራ ሲያዩዋት ምስር ታህላለች!

አባ ኑርሁሴን ሙስበሃቸውን አነሡ።

«ያኔ ወደኔ ሲያመጡህ፣» አሉ፣ «ስንት ቀን ሳትተኛ ነበር?»

«ሦስት ቀን፣ አባባ።»

«እኛ ዘንድስ?»

«ሦስት ሌሊት።»

ሽማግሌው በሙስበሃቸው ላይ ስድስት ዶቃ ቆጥረው ያዙ። «ስድስት፣» አሉ። «ያረቢ! አሳርፍልን፣ አሳርፍልን እያልን እየለመንን፣ እንቅልፍህን በገዛ እጃችን ስናባርር!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ቀንበጡንም በአፍህ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። አንተም ይህን እያወቅክ ዝም አልከኝ። ቡርቱካን!»

«አቤት አባባ።»

«አንቺም ዝም አልሽኝ።»

«አባባ፣ ያን ዕለት ያለቀሱት... ያን ደስታዎን አይቼ እንዴት አድርጌ...» አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች።

ቀና ብለው በዓይናቸው ተቆጧት። ከዚያ ወደ ኢዘዲን ዞሩ። «የምትተኛው በስንት ሰዓት ነው?»

«በአሥራ ሁለት ውጬ።»

«የምትነሣውስ?»

«በአሥር። ብቻዬን አልነሣም፤ እማ ናት የምትቀሰቅሰኝ።»

«እሷስ መቼ ትተኛለች?»

ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። ኢዘዲን ራሱ ጠይቆ አያውቅም። ስንት ሌሊት ተኝቷል፣ ስንት ጠዋት በእጇ ነቅቷል፤ እሷ መቼ እንደምትተኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም።

«እኔማ፣» አለች ቡርቱካን፣ «ሰዓቱ እንዳያልፍ ጋደም እላለሁ እንጂ... ደግሞ ትንፋሹን አዳምጣለሁ...»

«ሁለት ዓመት?»

ቡርቱካን ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

አባ ኑርሁሴን እጃቸውን ዘረጉ። «ጀባ በለኝ፣» አሉት።

ኢዘዲን አልገባውም። «ቀንበጧን። አንተ ለእኔ ጀባ በለኝ።» ሰው ለሽማግሌ እንዲህ አይልም፤ ግን ታዟል። «ጀባ፣ አባባ፣» አለና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሳሟት፣ አፋቸው ውስጥ ከተቷት፣ በቀሯቸው ጥርሶች ማኘክ ጀመሩ።

«እንግዲህ ድርሻህን እኔ ቃምኩት፣» አሉ። «የማልተኛውም እኔ ነኝ። ዛሬ እናንተ ቤት በር ላይ ነው የማነጋው፤ በአሥር ሰዓት እቀሰቅስሃለሁ። ቡርቱካን፣ አንቺም ዛሬ ትተኛለሽ፤ ሰዓት አይተሽ ብትነሺ ግን ተጣላን! ምርቃናው ለእኔ፣ ምርቃቱ ለልጁ!»

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሚስባህ ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ ውሃ በጣሳ አመጣ። «አሥራ ሁለት ሆኗል እኮ፣» አለ ቀስ ብሎ። ኢዘዲን ክኒኗን ሰው ፊት ዋጣት፤ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እጆች ሁሉ ተነሡ።

«አላህ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ!»

«አሚን!»

«በሰላም አስተኝቶ በሰላም ያንቃህ!»

«አሚን!»

ለእንቅልፍ ዱአ ሲደረግ መርሳ ሰምታ አታውቅም። ሚስባህ ክንዱን ይዞ ቤቱ ድረስ ሸኘው፤ ከመድረሳቸው በፊት ምላሱ መወፈር ጀምሮ ነበር። ያልተነበበችው ምዕራፍ ትዝ አለችው፤ ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ፍርሃቱን ይዞ ወደቀ።

«ኢዘዲን። ኢዘዲን። አሥር ሰዓት ነው።»

ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ የእናቱ አይደለም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ርጥብ ነው፤ አንገቱም፣ ሸሚዙም። አባ ኑርሁሴን የባትሪ መብራት ይዘው፣ ባዶ ጣሳ ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ ከደጃፉ ላይ የቃሙት ጫት ገራባ ተቆልሏል።

«ሦስተኛ ጣሳዬ ነው፣» አሉ በሹክሹክታ። «አስተግፊሩላህ፣ አንተን ከመቀስቀስ ሙት ማስነሣት ይቀላል! ተነሥ፣ ተጣጠብ። ሚስባህ በአንድ ሰዓት መኪና ይዞ ይመጣል። እስከዚያ መጽሐፍህን እይ፤ እኔም አጠገብህ ነኝ።»

ጭንቅላቱ ከብዷል። ጉሙ አለ፤ ግን ገና አሥር ሰዓት ነው፣ ጊዜ አለው። ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። እንደ ልማዱ «እማ፣ ተነሣሁ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መጋረጃውንም ገለጠ።

ቡርቱካን ተኝታለች። ሻሿ ተንሸራቶ ወርዷል፣ አፏ ገርበብ ብሏል፣ ታንኮራፋለች። ጸጉሯ እንዲህ መሸበቱን አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ሲኖሩ ተኝታ አይቷት አያውቅም። ቆሞ አያት።

«ተዋት፣» አሉ አባ ኑርሁሴን። «አትቀስቅሳት።»

መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ በሩ እንዳይንቋቋ በእጁ ደግፎ፣ ጫማውን ሳያደርግ ቀስ ብሎ ወጣ።